ባሕር ዳር ላይ ዛፍ የሚከረክም ባለሙያ ስትቀጥሩ፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ክፍያ

ግቢያችሁ ውስጥ ማንጎ አለ እንበል። ወይም አያታችሁ የተከሉት ዋንዛ። ወይም ማንም ሳይተክለው ወፍ ዘርታው የበቀለ ሾላ። አሁን ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን መፋቅ ጀምሯል፣ ወይ የመብራት ሽቦ ነክቷል፣ ወይ ጎረቤት "ቅጠሉ አሸንዳዬን ደፈነው" ብሎ ቅሬታ ይዞ መጥቷል። ሰው ያስፈልጋችኋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ መጥረቢያ ይዞ በሰፈሩ የሚያልፈውን ይጠራል፣ ወይ ቼይንሶ (በሞተር የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ) ያለው ሰው ስልክ ከጎረቤት ይቀበላል፣ በር ላይ ቆሞ ዋጋ ይከራከራል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ማታ ሲመለስ የዛፉ አናት የለም። ግንዱ ብቻ ቆሟል።

ይሄ እንዳይደርስባችሁ ነው የምጽፈው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐይዋ ምን እንደምታደርግ የሚኖርባት ያውቃል። አንድ ትልቅ ዛፍ ግቢ ውስጥ መኖሩና አለመኖሩ በዚያ ወር በግልጽ ይለያል። የቆረጡትን ለመመለስ ደግሞ የአንድ ልጅ ዕድሜ ያህል መጠበቅ ነው።

ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ለቆራጭ በእንጨት አትክፈሉ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እዘረዝረዋለሁ። መጀመሪያ ግን ሰው ከመጥራታችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

1. ዛፉ ምን እንደሆነና ችግሩ ምን እንደሆነ እወቁ

"ዛፍ ነው" ማለት አይበቃም። ዘንባባ እንደ ማንጎ አይከረከምም፣ ባሕር ዛፍም እንደ ወይራ አይደለም። የከተማችን መንገዶች ዳር የቆሙትን ዘንባባዎች ተመልከቱ። ዘንባባ የሚያድገው ከአናቱ ካለችው አንዲት እምቡጥ ብቻ ነው። እሷ ከተቆረጠች ዛፉ ሞተ፣ ሌላ ቅርንጫፍ አያወጣም። ስለዚህ ዘንባባ ላይ የሚወርደው የደረቀውና ተንጠልጥሎ የቀረው ቅጠል ብቻ ነው። አረንጓዴውን "ለማሳመር" ብሎ የሚላጭ ሰው ከገጠማችሁ አስቁሙት።

ማንጎ ሌላ ነው። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፉ ጫፍ ስለሆነ ሊያብብ ሲል ከቆረጣችሁት የዓመቱን ምርት ጣላችሁት ማለት ነው። ፍሬው ተለቅሞ እንዳለቀ ነው የሚከረከመው። ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ካያችሁ ደግሞ ነጩ የማንጎ ተባይ ሊሆን ይችላል። ይህ ተባይ በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ2002 ዓ.ም ገደማ በምሥራቅ ወለጋ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ አዳርሷል። ተባይ ያለበት ዛፍ መሐሉ ሳስቶ አየርና ብርሃን ሲገባው ይሻለዋል። ያ ለሚከረክመው ሰው አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር ነው፤ መጋዙን ሳያጸዳ ወደ ሌላ ዛፍ እንዳይሄድ፣ ቅርንጫፉም ወደ ሌላ ሰው ግቢ እንዳይጫን።

ዋርካና ሾላ ሰፊ ሥር አላቸው። ሥራቸው መሠረት ሊገፋ ይችላል ብላችሁ ብትሰጉ አትሳሳቱም። ግን መፍትሔው ሥሩን በዶማ መበጠስ አይደለም። አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው ከላይ ባለው ግማሽ ሜትር ገደማ አፈር ውስጥ ነው። በአንድ በኩል ትላልቆቹን ሥሮች የቆረጣችሁበት ዛፍ በሰኔ አውሎ በዚያው አቅጣጫ ሊወድቅ ይችላል። ያውም ቤታችሁ ላይ።

ባሕር ዛፍ ከሆነ ብዙ አልልም። ከጉቶው እንደገና ይቆጠቁጣል። አገር በቀል አይደለም፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነው የገባው። ቤት አጠገብ ካለና ካስፈራችሁ ማስወገዱ የሚያሳዝን አይደለም።

አሁን ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። "ዛፉ ትልቅ ሆነ" ችግር አይደለም። "ከደቡብ በኩል ያለው ወፍራም ቅርንጫፍ በነፋስ ጊዜ ጣሪያውን ይመታል" ችግር ነው። እንዲህ ስትጽፉት ብዙ ጊዜ የሚወርደው አንድ ወይም ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በእርግጥ አደገኛ የሆነ ዛፍም አለ። ግንዱ ሥር እንጉዳይ ከበቀለ፣ ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ምስጥ ውስጡን ከበላው፣ በቅርቡ ማዘንበል ከጀመረና ከዘነበለበት በተቃራኒ በኩል መሬቱ ከተነሣ ቶሎ ሰው ጥሩ። ግንዱን በእንጨት መዶሻ መታ መታ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ውስጡ ሊቦረቦር ይችላል። የተቦረቦረ ሁሉ ግን ይወድቃል ማለት አይደለም። ለዘመናት ሆዱ ክፍት ሆኖ የቆመ ዋርካ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አለ። ያንን የሚለየው ልምድ ያለው ዓይን ነው፣ ለዚህም ነው ባለሙያ የሚፈለገው።

2. ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ

ዛፉ ከአጥር ውጭ ከሆነ፣ መንገድ ዳር ከሆነ፣ የእናንተ አይደለም። በራሳችሁ ሰው ቀጥራችሁ አትንኩት፣ ለክፍለ ከተማው አመልክቱ። ግቢ ውስጥ ያለውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የሚቆረጥ ከሆነ መጀመሪያ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። በተለይ አገር በቀል ዛፍ ከሆነ። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጽድን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ ከልክሎ ነበር። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። የእናንተ ግቢ የመንግሥት ደን ባይሆንም እነዚህ ዛፎች ለምን በስማቸው እንደተጠሩ ማሰብ ጥሩ ነው። በተግባር ደግሞ እንጨት ጭኖ የሚሄድ መኪና ኬላ ላይ ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀት ከሌለ ጣጣው ከእናንተ ደጅ ይጀምራል።

ቤታችሁ ሐይቁ ዳር ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ አካባቢ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ዳርቻው ላይ ያለው ዛፍና ደንገል አፈሩን ይዞ የሚያስቀር ነው። ዛፉ ሲነሣ አፈሩ ከነማዳበሪያው ወደ ሐይቁ ይታጠባል፣ ማዳበሪያው ደግሞ ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን ነው የሚቀልበው። እዚያ አካባቢ ከመቁረጣችሁ በፊት የክልሉን የአካባቢና ደን ጥበቃ መሥሪያ ቤት ብትጠይቁ ከኋላ ጣጣ ትድናላችሁ።

ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ከነካ ወይም ከ3 ሜትር በታች ከቀረበ ለመብራት ኃይል ነው የሚነገረው። መስመሩን ሳያጠፉ ማንም እንዳይወጣ። "ችግር የለም፣ ለምጄዋለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ለራሱ ሕይወት ስትሉ አትቅጠሩት። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ጎረቤትንም አትርሱ። ዛፉ የሁለት ግቢ ጥላ ከሆነ፣ ወይም ዕድሩ ከሥሩ የሚሰበሰብበት ዋርካ ከሆነ፣ ውሳኔው የእናንተ ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎቹን አማክሩ። የተሻለ ሐሳብ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ነው።

3. ሰዉን የት ታገኙታላችሁ?

"የዛፍ እንክብካቤ" የሚል ታፔላ ፍለጋ ከተማ አትዙሩ። ጥሩ ሠራተኛ የሚገኘው ዛፍ በደንብ ከተያዘበት ቦታ ነው። የሐይቁ ዳር ሆቴሎችና ሎጆች ግቢ ግቡና ትልልቆቹን ዛፎች ቀና ብላችሁ እዩ። አሮጌ ቁርጥ ቦታ ፈልጉ። ቁርጡ ክብ ሆኖ ዙሪያውን ቅርፊት እየሸፈነው ከሆነ ማን እንደሠራው አትክልተኛውን ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ራሱ ነው፣ በእረፍት ቀኑ ሊመጣ ይችላል።

ችግኝና አበባ የሚሸጡ ማኅበራት ጋም ሂዱ። ችግኝ የሚያሳድግ ሰው ዛፍ መግደል አይወድም። ለፍራፍሬ ከሆነ የክፍለ ከተማችሁን የግብርና ባለሙያ አነጋግሩ። ዘንዘልማ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅም አለ፤ ከዚያ የወጡ፣ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች በከተማው ሞልተዋል። ዛፍ ላይ ባይወጡ እንኳ ዛፉን አይተው የቱ ቅርንጫፍ ይውረድ የሚለውን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው፤ ምርመራውን ለአንዱ፣ ቆረጣውን ለሌላው መስጠት ይቻላል፣ ትልቅ ዛፍ ከሆነ እንዲያውም እኔ የምመክረው ይህን ነው።

የዘጌ ሰዎችን አትዝለሉ። ዘጌ ላይ ቡናው የሚኖረው ከደኑ ጥላ ሥር ነው። በቦታው ሲነገር የኖረው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይላል። ሕዝቡም በሬ ጠምዶ ሳያርስ ከዛፍ ሲኖር ቆይቷል። ለቡናው ስንት ጥላ እንደሚበቃው፣ የትኛው ቅርንጫፍ ቢወርድ ብርሃን እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው እዚያ ታገኛላችሁ።

ቢያንስ ሁለት ሰው አነጋግሩ። ሦስት ከሆነ በጣም ጥሩ።

4. የምትጠይቁት ጥያቄ

ሰውዬው መጥቶ ዛፉን ቀና ብሎ አይቶ ሳይጨርስ ዋጋ ከተናገረ አንድ ምልክት አገኛችሁ። ጥሩ ሠራተኛ ዛፉን ይዞረዋል። ሥሩን ያያል። የት እንደሚወድቅ፣ ገመዱን የት እንደሚያስር ያስባል። እናንተንም ይጠይቃችኋል፤ "ለምንድነው የሚቆረጠው?" ይላል።

"ቅርንጫፉን የት ላይ ነው የምትቆርጠው?" በሉት። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ትለያለች። ቅርንጫፍ ከግንዱ ሲወጣ ሥሩ ላይ ያበጠ፣ አንገት የመሰለ ቦታ አለ። ትክክለኛው ቁርጥ ከዚያ አንገት በስተውጭ ነው፤ አንገቱን ሳይነካ፣ ቁራጭም ሳያስቀር። አንገቱ ካለ ዛፉ ቁስሉን ራሱ ይዘጋዋል። ከግንዱ ጋር ልስልስ አድርጎ ከላጨው ቁስሉ ይሰፋል፣ በሽታም ወደ ግንዱ ይገባል። ረጅም ቁራጭ ከተወ ደግሞ ቁራጩ በስብሶ መበስበሱን ወደ ውስጥ ይወስደዋል።

"ከዛፉ ስንት እጅ ታወርዳለህ?" ካላችሁት መልሱ ከሩብ በላይ መሆን የለበትም። ያረጀ ዛፍ ከሆነ ከዚያም በጣም ያነሰ። ቅጠል የዛፉ ማዕድ ቤት ነው፣ አብዛኛውን ካወረዳችሁበት የሚበላው የለውም።

"አናቱን ቆርጬ አሳጥርላችኋለሁ" ካለ በትሕትና ሸኙት። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ አያጥርም። በድንጋጤ ብዙ ቀጫጭን ቀንበጥ በአንድ ጊዜ ያወጣል። እነዚህ ቀንበጦች የተጣበቁት ከላይ ከላዩ ስለሆነ ሲወፍሩ በነፋስ ይገነጠላሉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዛፉ በፊት ከነበረበት ቁመት ይደርሳል፣ ግን አሁን የበለጠ አደገኛ ሆኖ። ቁመት መቀነስ የግድ ከሆነ ረጅሙ ቅርንጫፍ የሚቆረጠው በበቂ የወፈረ የጎን ቅርንጫፍ ከሚወጣበት ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ አሠራሩ ግቡ። እንዴት ይወጣል? በገመድና በቀበቶ ወይስ በባዶ እግሩ? ጫማው ላይ የብረት ሹል አስሮ የሚወጣ ከሆነ ያ ለሚጣል ዛፍ ብቻ ነው፤ በሕይወት ለሚቆይ ዛፍ እያንዳንዱ እርምጃ ቁስል ነው። ሄልሜት፣ መነጽር፣ ጓንት አለው? ከታች ገመድ የሚይዝና ሰው የሚከለክል ረዳት አለው? ብቻውን ከቼይንሶ ጋር ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ቢጎዳ ማን ያወርደዋል?

"ለሰንሰለቱ ምን ዘይት ነው የምትጠቀመው?" ብላችሁም ጠይቁ። ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው። የቼይንሶ ሰንሰለት ዘይት ሲሠራ ሙሉ ቀን ወደ መሬት ይረጫል። ከጋራዥ የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚጠቀም ከሆነ ያ ሁሉ የሚወድቀው አፈራችሁ ላይ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ካላችሁ ወደዚያ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ጣና ወይ ወደ ዓባይ። አዲስ ዘይት እናንተው ግዙለት፣ ዋጋው ከጉዳቱ አንጻር ትንሽ ነው። ቤንዚንም የሚሞላው ከጉድጓዱ ርቆ፣ ከሥር ላስቲክ ተነጥፎ ይሁን።

በመጨረሻ "ከዓመት በፊት የሠራኸውን አሳየኝ" በሉት። ዛሬ የተከረከመ ሁሉ ያምራል። ሥራው የሚታወቀው ክረምት ካለፈበት በኋላ ነው። ጥሩ ሠራተኛ ይህን ጥያቄ ይወደዋል፣ ይዟችሁ ይሄዳል።

5. ዋጋውና እንጨቱ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። በኛ ሰፈር የተለመደው ድርድር እንዲህ ነው። ሰውዬው ዛፉን ያያል፣ ከዚያ ወደ ባለቤቷ ይዞራል፤ "እማማ፣ እንጨቱን ለኔ ካደረጉልኝ ብዙ ብር አልጠይቅዎትም። ግቢውንም ጠርጌልዎት እሄዳለሁ።" ባለቤቷ ደስ ይላታል። ብር ዳነላት።

ግን አስቡት። የዚህ ሰው ደሞዝ እንጨቱ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ካወረደ ትንሽ ያገኛል፣ አምስት ካወረደ ብዙ ያገኛል፣ ዛፉን ከጣለ ደግሞ የበለጠ። ሰውዬው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ልጆች አሉት፣ የማገዶ ዋጋ ደግሞ የታወቀ ነው። እናንተ ግን "ትንሽ ብቻ ቁረጥ" እያላችሁ ብዙ በቆረጠ ቁጥር ብዙ የሚያገኝበትን ውል ሰጥታችሁታል። በተለይ ዋንዛ ከሆነ፣ ጣውላው ለወንበርና ለጠረጴዛ የሚፈለግ እንጨት ስለሆነ፣ "ታሟል፣ መውደቁ አይቀርም" የሚል ምርመራ ከእንጨት ተቀባይ አትቀበሉ። የሚመረምረውና እንጨቱን የሚወስደው አንድ ሰው መሆን የለበትም።

ስለዚህ ለሥራው በብር ክፈሉ። ተገቢውን ዋጋ ክፈሉ፣ ዛፍ ላይ መውጣት ሕይወት የሚያስከፍል ሥራ ነው። እንጨቱ የእናንተ ይሁን። ለሠራተኛው ልትሰጡት ከፈለጋችሁ ሥራው ካለቀ በኋላ በስጦታ ስጡት፣ ከውሉ ውስጥ ግን አታስገቡት።

ስምምነቱን በወረቀት አድርጉት። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ዓይነት አይሁን፣ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ለምሳሌ፦ "ከቤቱ በስተምሥራቅ ካለው ማንጎ፣ በቀይ ጨርቅ ምልክት የተደረገባቸው ሦስት ቅርንጫፎች ብቻ ይወርዳሉ። ሌላ ቅርንጫፍ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይቆረጥም። እንጨቱ የባለቤቱ ነው። ጣሪያ ወይም አጥር ቢሰበር ጥገናው በሠራተኛው ነው። ቅጠሉ ተጠርጎ በተባለው ቦታ ይከመራል።" የሁለታችሁ ፊርማ፣ ቢቻል አንድ ምስክር። ቀይ ጨርቁን እናንተ ራሳችሁ እሰሩት ወይም ሲታሰር ቁሙ። ቃል ይረሳል፣ ጨርቅ ግን ላይ ሆኖም ይታያል። ሠራተኛው ቢጎዳ ሕክምናው እንዴት እንደሚሆንም ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ቀብድ የግድ ከሆነ ከሩብ አይብለጥ፣ ቀሪው ሥራው ታይቶ።

6. መቼ ይሠራ?

ከሐምሌ እስከ መስከረም ተዉት። ግንዱ ያዳልጣል፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ፈንገስ ይይዘዋል። ለአብዛኛው ዛፍ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው ጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም በልጉ ሳይመጣ የካቲት ጥሩ ነው። ማንጎን ለይቼ ተናግሬያለሁ፤ እሱ ፍሬው ሲያልቅ ነው፣ ያ ከክረምቱ መግቢያ ጋር ከተጋጨ ደረቅ ቀን ፈልጉ። ከጣሪያ በላይ የተንጠለጠለ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ግን ወር አትጠብቁ፣ የግንቦትና የሰኔ አውሎ ሳይመጣ አውርዱት።

ሰዓቱም አለው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይጀመር። ከሰዓት በኋላ ከጣና ነፋስ ይነሣል፣ ጀልባ ነጂዎቹ ሁሉ ያውቁታል። በነፋስ ውስጥ የሚወርድ ቅርንጫፍ መውደቂያው አይታወቅም።

7. በሥራው ቀን ግቢ ውስጥ ሁኑ

ይህን ለሠራተኛ ትታችሁ ቢሮ አትሂዱ። ከመጀመሩ በፊት ዛፉን አብራችሁ ዙሩት። የወፍ ጎጆ አለ? እንቁላል ወይም ጫጩት ካለበት ያንን ቅርንጫፍ ለሌላ ሳምንት አቆዩት። ንብ ከገባበት ጭስ ለኩሶ ማባረር ሳይሆን ንብ አናቢ ጥሩ፣ አመሻሽ ላይ መንጋውን በቀፎ ይወስደዋል፣ እንዲያውም ደስ ብሎት። ሾላ ካላችሁ ፍሬው የስንት ወፍ ምግብ እንደሆነ ጠዋት ላይ ቁማችሁ እዩ፤ ያፈራው ቅርንጫፍ የግድ ካልሆነ አይነካ።

መጋዙ ይጽዳ። በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ጥርሱን ጥረጉት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ እንዳይዝግ።

ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ቁርጥ አይወርድም። ክብደቱ ሲጎትተው ቅርፊቱን ከግንዱ ይዞ ይገፈፋል። ሦስት ቁርጥ ነው ያለው። የመጀመሪያው ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ከሥር ወደ ላይ፣ የውፍረቱን ሲሶ ያህል። ሁለተኛው ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች፣ ቅርንጫፉ እስኪወድቅ። ሦስተኛው የቀረውን ቁራጭ ከአንገቱ በስተውጭ በጥንቃቄ። ሠራተኛው ይህን ሳይነገረው ካደረገ ትክክለኛ ሰው ቀጥራችኋል። ቅርንጫፉ ከጣሪያ በላይ ከሆነ በገመድ ታስሮ ቀስ ብሎ ይውረድ።

ቁስሉ ላይ ቀለም፣ ሬንጅ፣ ዘይት የሚቀባ ሰው ካያችሁ አያስፈልግም በሉት። እርጥበት ይዞ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም።

ልጆችና ከብት ከሥር ይራቁ። የዛፉ ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ርቀት ባዶ ይሁን።

8. ቅጠሉና ቅርንጫፉ የት ይሂድ?

ቦይ ውስጥ አይጣል። ሐምሌ ላይ ጎርፉን ወደ ቤት የሚመልሰው ይሄው ነው። ሐይቁ ዳርም አይጣል። አይቃጠልም፤ ጭሱ ለሰፈሩ ነው፣ እሳቱ ደግሞ ለዛፉ ሥር። ተባይ ያለበት የማንጎ ቅርንጫፍ ብቻ እዚያው ግቢ ውስጥ ተለይቶ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

የቀረው ሀብት ነው። ቅጠሉና ቀንበጡ ተከትክቶ ከዛፉ ሥር ጉዝጓዝ ይሆናል፤ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ግንዱን ግን አይንካ፣ አንድ ስንዝር ይራቅ። በበጋ የአፈሩን እርጥበት ይይዛል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አትክልት ላይ አታድርጉ፣ ሌላ ተክል እንዳይበቅል ያደርጋል። የተረፈው ኮምፖስት ይሁን።

ብርብራ የሚባለው ዛፍ ካላችሁ ስለ ፍሬው ልዩ ነገር ልንገራችሁ። የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ዓሣ ያሰክራል፣ ይገድላልም። የጣና ዓሣዎች ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ በዚህ የሚያጠምዷቸው አሉ፣ ትንሹም ትልቁም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ የብርብራ ፍሬ ከግቢያችሁ ወደ ቦይም ወደ ወንዝም እንዳይሄድ፣ ለማታውቁት ሰው በጆንያም አትስጡ።

ዛፉ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ጉቶው ላይ ጨው ወይም የተቃጠለ ዘይት አታፍስሱ። አፈሩን ለዓመታት ታበላሹታላችሁ። ባሕር ዛፍ ከሆነ ቡቃያው በወጣ ቁጥር ስበሩት፣ ጉቶው ኃይሉን ጨርሶ ይሞታል። ሌላው ይቀመጥ፣ ምስጥ ይበላዋል፤ ከቤቱ በቂ ርቀት ላይ እስካለ ድረስ።

9. ከመክፈላችሁ በፊት፣ ከከፈላችሁም በኋላ

ሰውዬው መሣሪያውን ሳያስር ዙሩ። ቀይ ጨርቅ ካልነበረበት ቅርንጫፍ የወረደ አለ? ተገንጥሎ የተንጠለጠለ ቀርቷል? ቁርጦቹ ከአንገቱ በስተውጭ ናቸው? ዘይት የፈሰሰበት አፈር አለ? ካለ በአካፋ ይነሣ። ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሙሉውን ክፈሉ፣ ሳታዘገዩ።

በበጋው ዛፉን አጠጡት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሳይሆን በሳምንት አንዴ በደንብ፣ ግንዱ ሥር ሳይሆን ቅርንጫፉ እስከሚደርስበት ዙሪያ። ከግንዱ ሥር አፈር አትከምሩ፣ ሲሚንቶም አታልብሱ።

የቆረጣችሁት ዛፍ ካለ ሐምሌ ላይ ተኩ። ለግቢ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ዶቅማ፣ ወይራ ጥሩ ናቸው። ዋርካና ሾላ ሰፊ ቦታ ካላችሁ ብቻ፣ ከቤቱም ከውሃ ቧንቧውም በጣም ርቆ። ችግኙን ከሽቦ በታች አትትከሉ፣ ያለዚያ ይህን ሁሉ ጣጣ ለልጆቻችሁ ታወርሳላችሁ።

በሚቀጥለው ጥቅምት ያንኑ ሰው መልሳችሁ ጥሩት፣ የዓምናውን ፎቶ አሳዩት። ቁስሉ ዙሪያውን እየተዘጋ ከሆነ ሥራው ይዟል። አዲስ የወጡ ቀጫጭን ቀንበጦች ካሉ ያን ጊዜ በእጅ መቀስ የሚያልቁ ናቸው፣ ቼይንሶ አያስፈልግም። ስልኩንም ለጎረቤት ስጡ። ሳይጨፈጭፍ የሚከረክም ሰው ሥራ ካላገኘ እሱም ወደ ማገዶው ይሄዳል።